የይፋት ቆላ የመስክ ምርምር መረጃና የመጠባበቂያ ቅጂ አያያዝ፦ የቦርግና የሬስቲክ ሶፍትዌሮች አሠራርና ወሰን

መግቢያ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በር በኩል ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው የደሴ መንገድ፣ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ወርዶ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሸዋ ሮቢትን ያገኛል። ከዚያ በጀውሃና በሰንበቴ አድርጎ ወደ አጣዬና ወደ ካራቆሬ የሚዘልቀው የይፋት ቆላ ለተመራማሪ ብዙ ርእሰ ጉዳይ የያዘ ምድር ነው። በመስኖ የሚለማው ሽንኩርት፣ የማሾ ሰብል፣ የወባ ሥርጭት፣ ወደ አዋሽ የሚፈሱት ወንዞች ጠባይ፣ በኖራና በአካባቢዋ የሚገኙት የይፋት ሱልጣኔት ዘመን ፍርስራሾች፣ ሁሉም የጥናት መስኮች ናቸው።

በእነዚህ መስኮች የሚሰበሰበው መረጃ አንድ የጋራ ጠባይ አለው፤ ከጠፋ በኋላ ዳግመኛ አይሰበሰብም። ያለፈ ክረምት ዝናብ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ አይለካም። ከቀዬው የተፈናቀለ ቤተሰብ እንደገና ቢጠየቅ፣ ከመፈናቀሉ በፊት ይሰጠው የነበረውን መልስ አይሰጥም። በቁፋሮ የተነሣ የአፈር ንብርብር ወደ ነበረበት አይመለስም፤ የሚቀረው ፎቶግራፉና የመስክ ማስታወሻው ብቻ ነው። ላፕቶፕ በገንዘብ ይተካል፤ በውስጡ ያለው የሁለት ዓመት የመስክ ሥራ ግን ምትክ የለውም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ምንጭ ኮዳቸው ክፍት የሆነ ሁለት የመጠባበቂያ ቅጂ ሶፍትዌሮች፣ ቦርግና ሬስቲክ፣ እንዴት እንደሚሠሩ፣ እንደ ይፋት ላለ አካባቢ ምን እንደሚያስገኙና ምን እንደማይሸፍኑ ማስረዳት ነው። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ ሶፍትዌሩ ቅጂ ማስቀመጥን ርካሽ ያደርጋል፤ ቅጂውን አስተማማኝ የሚያደርጉት ግን ርቀት፣ የቁልፍ አጠባበቅና የማስመለስ ፈተና ናቸው፤ እነዚህም ለተመራማሪውና ለትምህርት ክፍሉ የተተዉ ሥራዎች ናቸው።

የአደጋው ዓይነቶች

በመስክ ያለ መረጃ የሚጠፋበት ምክንያት ብዙ ነው። የቆላው ሙቀትና አቧራ የሃርድ ዲስክን ዕድሜ ያሳጥራል። የኤሌክትሪክ መቆራረጥ በመጻፍ ላይ ያለን ፋይል ያበላሻል። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ፍላሽ ቫይረስ ያጋባል። ላፕቶፕ በመናኸሪያ ይሰረቃል። ተመራማሪው ራሱም ፋይል ይሰርዛል፤ ወይም የተሳሳተውን እትም በትክክለኛው ላይ ያስቀምጣል።

ይፋት ከእነዚህም የከፋ አይቷል። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በደረሰው ግጭት የአጣዬ ከተማ ሰፊ ክፍል ተቃጥሏል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ደርሷል። በዚያው ጦርነት የወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴና የኮምቦልቻ ግቢዎች፣ እንዲሁም የወልድያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዘረፋና ውድመት ደርሶባቸዋል፤ በክልሉ በርካታ የጤና ተቋማትና ትምህርት ቤቶችም የዚሁ ዕጣ ተካፋዮች ሆነዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል።

ከእነዚህ ክስተቶች ሁለት መደምደሚያዎች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ከዋናው መረጃ ጋር በአንድ ሕንፃ ውስጥ የተቀመጠ ቅጂ ከዲስክ ብልሽት ያድናል እንጂ ከእሳትና ከዘረፋ አያድንም። ሁለተኛ፣ በኢንተርኔት ላይ ብቻ የተመሠረተ ቅጂ በጣም በሚያስፈልግበት ወቅት አይገኝም። ስለዚህ የሚመረጠው ሥርዓት ኔትወርክ ሲኖር በኔትወርክ፣ ሳይኖር ደግሞ በሰው እጅና በአውቶቡስ የሚሠራ መሆን አለበት። ሁለቱም መንገዶች የሚቻሉት የሚጓጓዘው መረጃ ትንሽ ሲሆንና በመንገድ ቢጠፋ ማንም የማያነበው ሲሆን ነው። ቦርግና ሬስቲክ እነዚህን ሁለት ነገሮች በአንድነት ለመሥራት የተዘጋጁ ናቸው።

ድግግሞሽን የማስወገድ ዘዴ

ብዙ ተመራማሪዎች የሚከተሉት የተለመደ አሠራር ሙሉውን አቃፊ ገልብጦ ቀን የያዘ ስም መስጠት ነው። ይህ አሠራር ዲስክን በፍጥነት ይሞላል፤ ዲስኩ ሲሞላም የቀድሞዎቹ ቅጂዎች ይሰረዛሉ። ከሦስት ወር በፊት የተበላሸ ፋይል ዛሬ ሲታወቅ ጤነኛው እትም የሚገኝበት ቅጂ አይኖርም። አንዱን ቅጂ በየጊዜው በአዲሱ መተካትም ከዚህ አይሻልም፤ ስሕተቱን ከትክክሉ ጋር እኩል ይገለብጣልና።

ድግግሞሽን የሚያስወግድ ሶፍትዌር ፋይሎችን ወደ ቁራጮች ይከፍላል፤ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ከይዘቱ የሚሰላ አሻራ ይሰጠዋል፤ ያ አሻራ በማከማቻው ውስጥ ካለ ቁራጩን እንደገና አያስቀምጥም። እያንዳንዱ ዕለታዊ ቅጂ የቁራጮች ዝርዝር ይሆናል። ዝርዝሩ ሙሉ ስለሆነ ማንኛውም ዕለት ለብቻው ሊመለስ ይችላል፤ በዲስኩ ላይ የሚጨመረው ግን የተለወጠው ብቻ ነው። አሻራው ሻ 256ን በመሰሉ የሃሽ ስሌቶች ስለሚገኝ፣ ሁለት የተለያዩ ቁራጮች በአጋጣሚ አንድ ዓይነት አሻራ የሚያገኙበት ዕድል በተግባር የለም።

የዘዴው ዋና ብልሃት ያለው ቁራጩ የት ላይ ይቆረጣል በሚለው ነው። አንድ ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ በየመቶ ፊደሉ ቢቆረጥና ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ አንድ ቃል ቢጨመር፣ ከዚያ በኋላ ያለው ቁራጭ ሁሉ ድንበሩ ይሸሻል፤ ምንም ያልተነካው የጽሑፉ ክፍልም እንደ አዲስ ይቆጠራል። ያው ጽሑፍ በየአራት ነጥቡ ቢቆረጥ ግን የሚለወጠው ቃል የተጨመረበት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ የቀሩት እንዳሉ ይታወቃሉ። ለኮምፒውተር ፋይል አራት ነጥብ የለውም። ስለዚህ ሶፍትዌሩ በፋይሉ ላይ አንድ ጠባብ መስኮት ባይት በባይት እያንሸራተተ በመስኮቱ ውስጥ ያለውን ይዘት ያሰላል፤ ውጤቱ አስቀድሞ የተወሰነ ቅርጽ ሲይዝ እዚያ ላይ ይቆርጣል። ድንበሩን የሚወስነው ይዘቱ ራሱ ስለሆነ፣ ከፊት የተጨመረ ነገር ኋላ ያለውን ድንበር አያናጋም።

የሐሳቡ መሠረት ማይክል ራቢን እ.ኤ.አ. በ1981 ያቀረቡት የአሻራ ስሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የቀረበው፣ ለደካማ ኔትወርክ የታሰበ የፋይል ሥርዓት ዘዴውን በይዘት ለመቁረጥ ተጠቀመበት፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ከቤል ቤተ ሙከራ የወጣው ቬንቲ የተባለው ሥርዓት ቁራጮችን በአሻራቸው የማከማቸትን ጥቅም አሳየ። ቦርግ እ.ኤ.አ. በ2015 አቲክ ከተባለው የዮናስ ቦርግስትሮም ሶፍትዌር ተገንጥሎ የተጀመረ ሲሆን፣ በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ ነው። ሬስቲክ በአሌክሳንደር ኖይማን የተጀመረና በጎ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ቦርግ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው ቁራጮቹን ከ512 ኪሎ ባይት እስከ 8 ሜጋ ባይት፣ በአማካይ 2 ሜጋ ባይት ገደማ አድርጎ ይቆርጣል፤ የሬስቲክ አማካይ ወደ 1 ሜጋ ባይት ይጠጋል። ሁለቱም የሚሰራጩት ማንም እንዲጠቀምባቸው፣ እንዲመረምራቸውና እንዲያሻሽላቸው በሚፈቅድ ፈቃድ ነው። ይህ ለተመራማሪ ከዋጋ በላይ ትርጉም አለው፤ ዛሬ የተቀመጠ ቅጂ ከዐሥር ዓመት በኋላ ሲፈለግ፣ የአንድ ኩባንያ መኖር ወይም የፈቃድ ክፍያ መታደስ ቅድመ ሁኔታ አይሆንበትም።

የስሌት ምሳሌ

ለማስረጃ ያህል፣ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ለ90 ቀናት የሚካሄድ ጥናት ይታሰብ። የጥናቱ አቃፊ፣ ፎቶግራፎችን፣ የመጠይቅ ቅጾችንና ዳታቤዝን ጨምሮ፣ 40 ጊጋ ባይት ነው፤ በየዕለቱም አዲስ የሚሆነው 300 ሜጋ ባይት ነው እንበል።

በየዕለቱ ሙሉ ቅጂ ቢቀመጥ 90 ጊዜ 40፣ ማለትም 3,600 ጊጋ ባይት ያስፈልጋል። በቦርግ ወይም በሬስቲክ ግን የመጀመሪያው ቀን 40 ጊጋ ባይት፣ የቀሩት 89 ቀናት በየቀኑ 0.3 ጊጋ ባይት ስለሚወስዱ ድምሩ 66.7 ጊጋ ባይት ገደማ ነው። 90ዎቹም ዕለታት ለየብቻ የሚመለሱ ናቸው፤ ሁሉም በአንድ ባለ 128 ጊጋ ባይት ፍላሽ ውስጥ ይገባሉ።

በኔትወርክ ረገድ ልዩነቱ የበለጠ ይታያል። በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት በሚልክ መስመር 40 ጊጋ ባይት ለመላክ 89 ሰዓት ገደማ፣ ማለትም ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ ከሦስት ቀን ተኩል በላይ ይፈልጋል። 300 ሜጋ ባይት ለመላክ ግን 40 ደቂቃ ይበቃል። የመጀመሪያው ቅጂ በዲስክ ተይዞ ወደ ደብረ ብርሃን ቢሄድና በዚያ ባለ ሰርቨር ላይ ቢቀመጥ፣ ቀጣዩን በየማታው በደካማ መስመርም መላክ ይቻላል። መስመሩ ቢጠፋ ተጓዥ ባልደረባ በሳምንት አንድ ጊዜ ዲስክ ይዞ ዳገቱን ይወጣል።

ስሌቱ የሚሠራው ግን መረጃው በአግባቡ ሲዘጋጅ ነው። አስቀድሞ የታመቀ ወይም የተመሰጠረ ፋይል በውስጡ አንድ ቃል ቢለወጥ እንኳ አብዛኛው ይዘቱ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ድግግሞሹ አይታወቅም። ዳታቤዝን አምቆ በየዕለቱ አዲስ ፋይል የሚያወጣ ተመራማሪ ዘዴውን ሳያውቅ ያከሽፈዋል። ትክክለኛው መንገድ ዳታቤዙን ሳያምቁ ወደ ፋይል አውጥቶ ማመቁንና መመስጠሩን ለመጠባበቂያው ሶፍትዌር መተው ነው። በሥራ ላይ ያለን የዳታቤዝ ፋይል በቀጥታ መገልበጥም አይገባም፤ ግማሹ ከለውጥ በፊት፣ ግማሹ ከለውጥ በኋላ የሆነ፣ የማይከፈት ቅጂ ሊያስገኝ ይችላል።

ምስጠራና የተጠያቂው መብት

ዲስክን በአውቶቡስ መላክ ማለት በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ለመንገድ አደራ መስጠት ነው። በይፋት የሚሰበሰብ መረጃ ብዙ ጊዜ የታካሚ ምርመራ ውጤት፣ የቤተሰብ ገቢ፣ ስለ ግጭት የተሰጠ ምስክርነት ይይዛል። በተሳሳተ እጅ ቢገባ የሚጎዳው መልሱን በቅንነት የሰጠው ሰው ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት የግል ዳታ ዓይነቶች መካከል የሚቆጥረው በዚህ ምክንያት ነው። ጥበቃው በዋናው ፋይል ላይ ብቻ የሚያበቃ ሊሆን አይችልም፤ ቅጂውም ያንኑ ሰው ይጠቅሳልና።

ሁለቱም ሶፍትዌሮች የሚመሰጥሩት መረጃው ከተመራማሪው ኮምፒውተር ከመውጣቱ በፊት ነው። ስለዚህ ዲስኩን የሚይዘው ተጓዥም ሆነ ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ባለሙያ ይዘቱን ማንበብ አይችልም። ሬስቲክ ያለ ምስጠራ አይሠራም። ቦርግ ምርጫውን ማከማቻው ሲፈጠር ይጠይቃል፤ በዚያች ቅጽበት «ያለ ምስጠራ» የሚለውን የመረጠ ተመራማሪ ያንን ማከማቻ በኋላ ወደ ተመሰጠረ ሊለውጠው አይችልም፤ አዲስ መፍጠር ይኖርበታል። ምስጠራው መረጃው በመንገድ አለመነካካቱንም ያረጋግጣል፤ የተቀየረ ቁራጭ ሲነበብ ሶፍትዌሩ አይቀበለውም።

ሶፍትዌሩ የማይሸፍናቸው ጉዳዮች

ድግግሞሽን ማስወገድ ከጥቅሙ የማይለይ አንድ ጉዳት አለው። አንድ ቁራጭ በማከማቻው ውስጥ የሚገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ያ ቁራጭ ከተበላሸ የሚጠቀሙበት ዕለታት ሁሉ አብረው ይጎዳሉ። ዘጠና ቅጂ ያለው ተመራማሪ በእውነቱ ያለው አንድ ማከማቻ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ማከማቻ ያስፈልጋል፤ እሱም ከመጀመሪያው የተገለበጠ መሆን የለበትም። ማከማቻን መገልበጥ በውስጡ ያለውን ብልሽትም መገልበጥ ነው። ሁለተኛው ማከማቻ ለብቻው ተፈጥሮ፣ በራሱ ቁልፍ፣ በቀጥታ ከዋናው መረጃ ሊሞላ ይገባል።

ሁለተኛው ጉዳይ ቁልፍ ነው። የምስጠራው ጥንካሬ ለሌባውና ለባለቤቱ እኩል ነው፤ የይለፍ ቃሉን የረሳ ባለቤት እንደ ሌባው ውጭ ይቀራል። በዩኒቨርሲቲ ይህ ጥያቄ ከግለሰብ የማስታወስ ችሎታ ያልፋል። ተማሪው ይመረቃል፣ ሥራ ይቀይራል፣ አገር ይለቃል፤ ሊታመምም ሊሞትም ይችላል። ቦርግ ቁልፉን በወረቀት ላይ ለማተም የሚያስችል ትእዛዝ አለው፤ ወረቀቱ ከይለፍ ቃሉ ጋር በታሸገ ፖስታ በትምህርት ክፍሉ ካዝና ሊቀመጥ ይችላል። ሬስቲክ ለአንድ ማከማቻ ከአንድ በላይ የይለፍ ቃል ይፈቅዳል፤ ተማሪውና አማካሪው የየራሳቸውን ይዘው አንዱ ያለ ሌላው ሊከፍት ይችላል። ቁልፉ ከዲስኩ ጋር በአንድ ቦርሳ መጓዝ ግን የለበትም።

ሦስተኛው ጉዳይ ርቀት ነው። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱም በሌላ ስፍራ የሚለው የታወቀ ደንብ ለኢትዮጵያ ምሁራን በመንፈሱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ከየገዳማቱና ከየአድባራቱ የተነሡትን ፊልሞች በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የኮሌጅቪል ቤተ መጻሕፍት አስቀምጧል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ብዙውን በካታሎግ አስፍረዋል። ብራናው በነበረበት ቦታ ጉዳት ቢደርስበት ንባቡ በሁለት አህጉር ይገኛል። ለሸዋ ሮቢት መረጃም የቅጂው ቦታ የሚመረጠው፣ ሸዋ ሮቢትን የሚነካ አደጋ በተመሳሳይ ቀን ሊነካው ይችላል ወይ ተብሎ ነው። አጣዬ በዚህ መመዘኛ ቅርብ ናት፤ ደብረ ብርሃን ትሻላለች፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከሁለቱም ትሻላለች።

አራተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የማስመለስ ፈተና ነው። እ.ኤ.አ. በጥር መጨረሻ 2017 ጊትላብ የተባለው ዓለም አቀፍ የሶፍትዌር ኩባንያ አንድ ባለሙያ በስሕተት ዋናውን ዳታቤዝ ሰረዘ። ኩባንያው በይፋ እንደገለጸው፣ በርካታ የመጠባበቂያ ዘዴዎች ነበሩት፤ በዚያ ምሽት ግን አንዱም እንደታሰበው አልሠራም። የዳታቤዙ ዕለታዊ ቅጂ በሶፍትዌር እትም አለመጣጣም ምክንያት ሳይሳካ ቆይቶ ነበር፤ ይህንንም ያስተዋለ አልነበረም። ኩባንያውን ያተረፈው ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ዓላማ የተወሰደ ቅጂ ነው። ባለሙያ የሞላው ተቋም እንዲህ ከሆነ፣ ብቻውን በመስክ ያለ ተማሪ «ትእዛዙ ያለ ስሕተት አልቋል» በሚል መልእክት ብቻ መተማመን አይችልም።

ለመስክ ሥራ የሚስማማ ሥርዓት

ከዚህ በላይ የተባለው ሲጠቃለል ለአንድ የድኅረ ምረቃ ጥናት የሚሆን ቀላል ሥርዓት ይገኛል። ሊኑክስ ለሚጠቀምና የራሱ ሰርቨር ላለው የትምህርት ክፍል ቦርግ ይስማማል። ዊንዶውስ ለሚጠቀም፣ ይህም በአብዛኞቹ ቢሮዎች ያለው ሁኔታ ነው፣ ሬስቲክ ይቀላል፤ በዊንዶውስ ላይ በቀጥታ ይሠራል፣ ብዙ ዓይነት ማከማቻም ይቀበላል።

በየማታው፣ መብራት ባለበት ሰዓት፣ በአጠገብ ባለ ዲስክ ላይ አንድ ቅጂ ይወሰዳል። ዲስኩ ከቅጂው በኋላ ይነቀላል፤ ሳይነቀል የሚያድር ዲስክ ላፕቶፑን የያዘው ቫይረስ ይይዘዋል። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በኔትወርክ ወይም በሰው እጅ፣ በደብረ ብርሃን ወይም በአዲስ አበባ ያለው ሁለተኛው ማከማቻ ይታደሳል። ሰርቨሩ አዲስ ቅጂ የሚቀበል ሆኖ የቀደሙትን እንዳያጠፋ ተደርጎ ቢዘጋጅ፣ የተመራማሪው ኮምፒውተር በአጥቂ እጅ ቢወድቅም ያለፈው አይጠፋም። የቆዩት ቅጂዎች የሚሳሱት በደንብ ነው፤ ለምሳሌ የመጨረሻዎቹ 7 ዕለታት፣ 4 ሳምንታትና 6 ወራት ይቀራሉ። በወር አንድ ጊዜ የማከማቻው ጤንነት በሶፍትዌሩ የማጣሪያ ትእዛዝ ይመረመራል፤ ከዚያም ጥቂት ፋይሎች በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተመልሰው ይከፈታሉ። ፈተናው የተደረገበት ቀንና የፈተነው ሰው ስም በመስክ ደብተሩ ላይ ይጻፋል።

ይህ ሁሉ ሲዘረዘር ብዙ ቢመስልም፣ አንዴ ከተዘጋጀ በኋላ ዕለታዊው ሥራ በአንድ ትእዛዝ ያልቃል። ክብደቱ ያለው ማን ምን እንደሚጠብቅ አስቀድሞ በመስማማት ላይ ነው፤ ተማሪው ቅጂውን፣ አማካሪው ሁለተኛውን የይለፍ ቃል፣ የትምህርት ክፍሉ ፖስታውንና ሰርቨሩን።

መደምደሚያ

ድግግሞሽን የሚያስወግዱና የተመሰጠሩ የመጠባበቂያ ቅጂዎች ለይፋት የመስክ ምርምር የሚሰጡት ትልቁ ነገር መጓጓዝ መቻል ነው። የዘጠና ቀን ታሪክ በአንድ ፍላሽ ይገባል፤ የዕለቱ ለውጥ በደካማ መስመር ያልፋል፤ በመንገድ ቢወድቅም የሰው ምስጢር አይወጣም። ይህ ሲሆን ቅጂን ከቆላው አውጥቶ በደጋው ማሳደር ከፍላጎት ወደ ልማድ ሊሸጋገር ይችላል።

የጥናት ንድፈ ሐሳብ የሚገመግሙ የትምህርት ክፍሎች ስለ ናሙና አመራረጥና ስለ ሥነ ምግባር እንደሚጠይቁ ሁሉ፣ ይህንንም ቢጠይቁ ተገቢ ነው፦ ላፕቶፑ ዛሬ ማታ ቢጠፋ፣ ነገ ጧት የት፣ በማን ቁልፍ፣ የስንት ቀን መረጃ ይከፈታል? ተማሪው ለዚህ ጥያቄ ሞክሮ ያየውን መልስ ይዞ ወደ መስክ ቢወርድ፣ መልስ የሰጡት የሸዋ ሮቢትና የአካባቢዋ ነዋሪዎች ያዋሱት ጊዜና እምነት ከአንድ ዕቃ ጋር አብሮ አይጠፋም።